ሳይነካ የተመለሰው ምናን

አሮጌ ጠገራ ብር ለሽያጭ ሲቀርብ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንዱ ብሩ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይጠይቃል፤ ሌላው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው። የመጀመሪያውን ዓይንና ሚዛን ይመልሱታል። ሁለተኛውን ገበያ ይመልሰዋል ብለን እንተወዋለን፤ ከዚያም ሳናስተውለው የፊተኛውን መልስ ለኋለኛው እናውለዋለን፦ ያልተነካው ይበልጣል፣ የተነካካው ያንሳል። ይህ ፍርድ ከሳንቲም አልፎ ወደ ሰው ሲሻገር ጉዳቱ ይከፋል። ኑሮ ያላንገላታውን፣ ችግር ደጁን ያልረገጠውን፣ ስሙ ያልተነሣውን ሰው «ሙሉ» እንለዋለን፤ ብዙ ያሳለፈውን ደግሞ «ያለቀለት» ብለን እንተወዋለን። አልፎ ተርፎም እግዚአብሔር ራሱ በዚሁ ሚዛን የሚመዝን ይመስለናል። እኔ የምለው ሁኔታና ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን በሌላው መተካት በንግድም በሃይማኖትም ስሕተት ነው። ማስረጃውም ከዚያው ከብሩ ይወጣል።

ብሩን እጃችን ላይ አድርገን እንየው። ካቺሲ ከአምቦ በስተሰሜን፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው የግንደበረት ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ከጊቤ አገሮች የሚነሣው የሲራራ ንግድ በጎረቤቷ በጉድሩ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎጃም በሶ ገበያ ይደርስ ነበር። ቡናው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ወደ ሰሜን ሲወጣ አሞሌ ጨውና ማርያ ትሬዛ ብር ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። በዚህ አገር ከአያት ሣጥን የሚወጣው ጠገራ ብር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፦ በአንድ ፊቱ የኦስትሪያዋ ንግሥት፣ በሌላው ባለሁለት ራሱ ንስር፣ በዙሪያው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ 1780 የሚል ዓመት። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ የፊቱ ስፋት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ከሺሁ 833 እጅ ንጹሕ ብር ነው። የሚያውቅ ሰው ብሩን ብርሃን ሥር ዘንበል አድርጎ መጀመሪያ ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ያያል፤ መፋቅ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ከንግሥቲቱ ጆሮ በላይ ያለው ፀጉር፣ የትከሻዋ ጌጥ፣ የንስሩ ደረት ላባ ቀድመው ይሳሳሉ። የአገራችን ነጋዴም ይህን ያውቅ ነበር። በዘመኑ የመጡ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት፣ ዕንቁዎቿን ሳይቆጥርና የትከሻዋ ጌጥ ነጥቦች ጥርት ብለው ሳይታዩት ብሩን አይቀበልም ነበር። ከዚያ ጠርዙ ይታያል። ጠርዙ ላይ ጎላ ጎላ ብለው በወጡ የላቲን ፊደላት «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ተጽፏል፤ ይህም የንግሥቲቱ መፈክር ነበር። ጽሑፉ ጠርዝ ላይ የተቀመጠው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ከብሩ ዳር በሞረድ እየፋቀ የሚሰርቅ ሰው ወዲያው እንዲታወቅበት ነው። እንግዲህ ሁለት ዓይነት መጉደል አለ። ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወር ያመጣው መፋቅ ከፍ ባሉት ቦታዎች ላይ እኩል ያርፋል፤ ስርቆት ያመጣው ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይበረታል፣ የሚደመስሰውም አስቀድሞ ፍትሕንና ምሕረትን ነው። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

የዘመናችን ሳንቲም ሰብሳቢዎች ይህን ሁሉ እይታ ወደ ቁጥር አውርደውታል። እ.ኤ.አ. በ1949 ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የአገሩን የጥንት መዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚመድብ መለኪያ አወጣ። 1 የሚባለው የምን ሳንቲም እንደሆነ ለመለየት ያህል ብቻ የቀረው ነው፤ ከ60 ጀምሮ ያለው ገበያ ያልወጣው፣ 70 ደግሞ እንከን የማይወጣለት። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ይህ ቁጥር ሲወጣ ዋጋም እንዲሆን ታስቦ እንደነበረ ነው፦ ባለ70ው ከባለ1ዱ 70 እጥፍ እንዲያወጣ። ስሌቱ ብዙ አልቆየም፤ ገበያው ራሱ አፈረሰው። ቁጥሩ ግን የሁኔታ መግለጫ ሆኖ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ሁኔታን ከዋጋ ጋር አንድ ለማድረግ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሙከራ አልተደረገም፤ የከሸፈውም በሃይማኖት ሰባኪ ሳይሆን በነጋዴዎች እጅ ነው። ምክንያቱን ለማየት ሁለት ብሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የታተመው የዳግማዊ ምኒልክ ብርና ማርያ ትሬዛ በክብደትም በብርነትም እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም እጅ ያልነካቸው ሆነው ቢቀርቡ ግን የምኒልኩ በብዙ ይበልጣል። ማርያ ትሬዛ በመቶ ሚሊዮኖች ታትማለች፤ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላም ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ የማተሚያ ቅርጹን ከወሰደ በኋላ በሮም፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በለንደን ታትማለች። የምኒልክ ብር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በገበያ የምናየው ዋጋ የጥቂትነት ዋጋ ነው። ያልተነካ ሳንቲም የሚወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሳንቲም ሁሉ የሚሠራው ከእጅ ወደ እጅ እንዲሄድ ስለሆነ፣ ሳይሄድ የቀረው ብርቅ ይሆናል። ገበያው የሚከፍለው ለብርቅነቱ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ሳንቲሙ የተሠራበትን ዓላማ ፈጽሟል ሊል አይችልም።

አሁን ወደ ወንጌል እንለፍ። ጌታቸው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ገንዘብ የተሰጣቸውን ባሪያዎች ምሳሌ ግንደበረት ውስጥ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም እኩል ያውቀዋል። በማቴዎስ ምዕራፍ 25 አንዱ ባሪያ መክሊቱን መሬት ቆፍሮ ቀበረው፤ በሉቃስ ምዕራፍ 19 ደግሞ አንዱ ምናኑን በጨርቅ ጠቅልሎ አቆየው። መክሊት አንድ ሳንቲም ሳይሆን 6,000 ድሪም የሚያህል ትልቅ ገንዘብ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። ይህን ባሪያ በሰብሳቢ ዓይን እንየው። ሌሎቹ ባሪያዎች የጌታቸውን ገንዘብ ገበያ አውጥተው ስንት ሰው ነካካው፣ ስንት ከረጢት ውስጥ ተጋጨ፣ ስንቱ ፊቱ ተፋቀ። እሱ ብቻ እንደተቀበለው አድርጎ መለሰ። በሼልደን መለኪያ ከሁሉም በላይ የሚሰለፈው የእሱ ነው። የተፈረደበትም እሱ ብቻ ነው።

ይህ ፍርድ እንዳይቀልብን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ባሪያው ዝርክርክ አልነበረም። በባቢሎን ከነበሩት የአይሁድ የሕግ መምህራን አንዱ የሆነው ሳሙኤል፣ ገንዘብ በእርግጥ የሚጠበቀው መሬት ውስጥ ሲቀበር ብቻ እንደሆነ አስተምሯል፤ አደራ ተቀብሎ የቀበረ ሰው ቢሰረቅበት እንኳ አይጠየቅም ነበር። ማለትም የማቴዎሱ ባሪያ በዚህ ትምህርት ሲመዘን የመጨረሻውን ጥንቃቄ አድርጓል። እንግዲህ ጥፋቱ ከአጠባበቁ ላይ ሊፈለግ አይችልም። ራሱ የሰጠውን ምክንያት ብንሰማ ፈርቶ እንደነበር ይናገራል፤ ጌታውን ያልዘራበትን የሚያጭድ ጨካኝ አድርጎ ነው ያሰበው። ጌታው ገንዘቡን ሲሰጠው አምኖት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ወጥመድ ተቀበለው፤ የፈለገው ከተጠያቂነት መዳን ብቻ ነበር። ገንዘቡ ሙሉ ሆኖ የተመለሰው ማንንም ስላልጠቀመ ነው። በሃይማኖት ኑሯችን ይህ ባሪያ እንግዳ አይደለም። ከኃጢአት ሊጠበቅ ሲል ከሰው የሸሸ፣ ስሙ እንዳይጎድፍ ብሎ ከታረዙት ጋር ያልቆመ፣ ንጽሕናውን በጨርቅ ጠቅልሎ እስከ ሞቱ ያቆየ ምእመን ያው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይመጣል። የተቀበረ ገንዘብ ባይኖር የአክሱምን ታሪክ በምን እናውቅ ነበር? ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ አንሥቶ፣ አክሱም በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም አትማለች፤ የብዙ ነገሥታት ስም የሚታወቀው ከሳንቲማቸው ብቻ ነው። የመን ውስጥ፣ ከኤደን በስተምዕራብ፣ አል መዳሪባ በተባለ ቦታ በተገኘ አንድ ድልብ ውስጥ ከሮማ ወርቅ ጋር ብዙ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ። ያ ሰው ባይቀብር ኖሮ ወርቁ ቀልጦ ጠፍቶ ነበር። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣም ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ሕዝቡ ሊሬ አልቀበልም ብሎ ማርያ ትሬዛውን ሸሸገ። ይህ ሁሉ ቀባሪ ክፉ ባሪያ ነውን?

አይደለም፤ ተቃውሞውም ክርክሬን ያጠራዋል እንጂ አያፈርሰውም። በጠላት ዘመን ብሩን ማሰሮ ውስጥ የቀበረ ሰው የፈራው ሊዘርፈው የመጣውን ነው፤ ባለአደራነቱን አልፈራም። የቀበረውም ቀኑ ሲያልፍ አውጥቶ በሬ ሊገዛበት፣ ልጅ ሊድርበት ነው። የአክሱም ድልብ ደግሞ ዛሬ ዋጋ ያገኘው ተቀብሮ በመቆየቱ ሳይሆን ወጥቶ በመናገሩ ነው። መሬት ውስጥ ሳለ ለማንም ምንም አልነበረም። የሳንቲም የመጀመሪያ ሥራው መገበያያ መሆን ነው፤ መንግሥቱ ሲያልፍ ግን ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፣ ምስክርነት። ለምስክር ደግሞ ጥርት ያለ ፊት ይጠቅማል። ስለዚህ ሰብሳቢው ጥርት ያለውን ሲመርጥ ተሳስቷል አልልም፤ ምስክሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ካዝና ውስጥ ሲቆልፈው ግን ድጋሚ ይቀብረዋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ግዴታ የተጣለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ዝናብ አጥቦ ያወጣው የአክሱም ሳንቲም የተገኘበት ማሳ ሳይታወቅ በድብቅ ሲሸጥ፣ ፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር ከምስክርነቱ ግማሹን አጥቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ የሚነሣውም ከሃይማኖት ውስጥ ነው። ሰው በፈጣሪው መልክ ተፈጠረ ካልን፣ የተፋቀ ሳንቲም መልኩ የጠፋ ሳንቲም ነው። መልኩን ያጠፋው ኃጢአት ነው። ታዲያ መፋቅን ማመስገን ኃጢአትን ማመስገን አይሆንምን? በሶ ገበያ የዋለው ብር በቡናና በጨው ብቻ አልተመነዘረም፤ ሰውም ተሽጦበታል። ብዙ እጅ ማለፍ በራሱ ጽድቅ ከሆነ፣ የባሪያ ፍንገላ ብርም ጻድቅ ሊሆን ነው።

ይህን ተቃውሞ ግማሹን እቀበለዋለሁ። መፋቅ ጽድቅ አይደለም። የምለው መፋቅ ፍርድም አይደለም ነው። ፊቱ የሳሳ ብር በማን እጅ ለምን እንደዋለ ከመሳሳቱ ብቻ አይታወቅም፤ ሰውም ከጠባሳው ብቻ አይታወቅም። በጠርዙ ላይ የሞረድ ምልክት ሲገኝ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ የሰረቀ እጅ አለ፣ መዛኙም ያንን ስርቆት ብሎ ሊጠራው ይገባል። ቀሪውን ግማሽ፣ የጠፋ መልክ ምን ይደረጋል የሚለውን፣ አባቶች በራሱ በገንዘብና በሥዕል ምሳሌ መልሰውታል። ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ ድንግልና በጻፈው መጽሐፍ፣ በሉቃስ ምዕራፍ 15 ሴትዮዋ ቤቷን ጠርጋ የፈለገችውን ድሪም የንጉሡ መልክ ያለበት ሳንቲም አድርጎ ይተረጉመዋል፤ መልኩ ጨርሶ አልጠፋም፣ በአቧራ ተሸፍኗል እንጂ። የእስክንድርያው አትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በሰሌዳ ላይ የተሣለ መልክ ቢበላሽ ሰሌዳው አይጣልም፤ የመልኩ ባለቤት እንደገና መጥቶ ይቀመጣል፣ መልኩም በዚያው እንጨት ላይ ይታደሳል ይላል። እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢዎች ችላ ሊባል የማይገባ ነገር አለ። ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ የላከው ይኸው አትናቴዎስ ነው። በዚያው ዘመን የአክሱም ንጉሥ ዒዛና ሳንቲሙ ላይ የነበሩትን ጨረቃና ክብ አንሥቶ በቦታቸው መስቀል አስቀመጠ። ወርቁ ያው የአክሱም ወርቅ፣ ንጉሡም ያው ዒዛና ነበር፤ ወርቁም ንጉሡም ተጥለው በሌላ አልተተኩም፣ በወርቁ ላይ አዲስ ምልክት ታተመበት እንጂ። መለኮታዊ ዋጋ ከሁኔታ ጋር ቢታሰር ኖሮ የአትናቴዎስ ሰሌዳ ማገዶ ይሆን ነበር።

ጎርጎርዮስን ያነበበ ሰው አሮጌ ሳንቲም ስለማጽዳት የሚሰጠውን ምክር ሲሰማ ግር ሊለው ይችላል፤ አዋቂዎቹ ሁሉ «አትንካው» ይላሉና። ሁለቱ ግን አይጋጩም። ሳንቲም ላይ የሚያርፍ ሁለት ነገር አለ። ጭቃ፣ ላብና ቅባት ከውጭ የመጡ ናቸው፤ በንጹሕ ውኃ ርሶ ሲቆይ ይለቃል፣ ብሩም ምንም አይጎድልበትም። የዘመኑ ጥቁረት ግን ከውጭ የተለጠፈ አይደለም፤ የብሩ የላይኛው ገጽ ራሱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ የተለወጠው ነው። ያንን በአመድና በሎሚ የሚያሽ ሰው ጥቁረቱን ብቻ አያነሣም፤ አብሮ የንግሥቲቱን ፀጉር፣ የላባውን መስመር ይወስዳል። ብሩ ያበራል፣ ያ ብርሃን ግን የተላጠ ነገር ብርሃን ነው፤ ልምድ ያለው ገዥ በአንድ እይታ ይለየዋል፣ ዋጋውንም ይቀንሳል። በአክሱም መዳብ ላይ ጉዳቱ ይብሳል፤ አንዳንዶቹ ላይ መስቀሉ በስሱ ወርቅ የተለበጠ ስለሆነ የሚያሽ እጅ መጀመሪያ የሚያነሣው ያንን ነው። ንስሐ የመጀመሪያውን ዓይነት መታጠብ ይመስለኛል። ያልሆኑትን ለመምሰል ታሪክን መላጥ ግን ሁለተኛው ነው፤ እርጅናን፣ ሐዘንን፣ የወደቁበትን ቦታ ሁሉ ፍቆ አዲስ መስሎ መቅረብ። ከሙታን የተነሣው ጌታ እንኳ ለቶማስ የችንካሩን ምልክት ማሳየቱን ማሰብ ይገባል። የከበረው ሥጋ ምልክቱን አልፋቀውም።

የአገራችን ብር ሠሪዎች በዚህ ጉዳይ ከሰብሳቢዎች በተቃራኒ ቆመዋል። የአንገት መስቀሎቻችን ብዙዎቹ የተሠሩት ከቀለጠ ማርያ ትሬዛ ነው፤ ከራሱ ከብሩ ተቆርጠው የወጡም አሉ፣ በእነዚያ ላይ የፊደሉ ወይም የንስሩ ላባ ርዝራዥ አሁንም ይታያል። በሰብሳቢ መለኪያ ይህ ብር ከ1 በታች ነው፤ ሳንቲምነቱ አልቋል። የሠራው አንጥረኛና ያጠለቀችው ሴት ግን ብሩ ጠፋ አላሉም። ብርነቱ አልጎደለም፣ ሥራው ተለወጠ። እዚህ ላይ ከሰብሳቢዎቹ ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ፦ የአክሱምን ሳንቲም ወይም ብርቅ የሆነውን የምኒልክ ብር ዛሬ ማቅለጥ ጥፋት ነው፤ የዚያ ምስክርነት በሌላ አይተካም። በመቶ ሚሊዮን የታተመች ማርያ ትሬዛ መስቀል ስትሆን ግን ታሪክ የጎደለ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካቺሲ ላይ አንድ ቤተሰብ ሣጥን ውስጥ ወዳለው ብር ብንመለስ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ጆሮ የተበየደለት ወይም የተበሳ ብር ነው። በሸዋም በወሎም በሐረርም እናቶች ጠገራ ብርን በድሪ አንጠልጥለው አጊጠውበታል፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ታውጆ ማርያ ትሬዛ ከገበያ ስትወጣም ጌጥነቱ ቀጥሏል። መዛኙ እንዲህ ያለውን ብር ሲያይ «የተበላሸ» ብሎ ይጽፋል፤ እንደ ሁኔታ መግለጫ ልክ ነው፣ ዋጋውም ከብሩ ክብደት ብዙ አይዘልም። ለባለቤቶቹ ግን ይህን ብቻ ነግሮ መሄድ የለበትም። ቀዳዳው ሞረድ እንዳልሆነ፣ ማንም እንዳልሰረቀበት፣ ብሩ ገበያ ከቀረ በኋላ በሰው አንገት ላይ የዋለበት ምልክት መሆኑን መናገር የሙያው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤተሰቡ ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና ሊሸጠው ቢቆርጥ ነውር የለውም፤ ብር የተሠራው ለዚያ ነው፣ ከዚያ ቤት መውጣቱም ከሣጥን ሥር ከመቆየቱ ይልቅ ለመጀመሪያ ሥራው ይቀርባል። ቀዳዳውን በቆርቆሮ ደፍኖ፣ ፊቱን በሎሚ አሽቶ «እጅ ያልነካው» ብሎ ማቅረብ ግን ገዥውንም ያጠለቁትን እናቶችም መዋሸት ነው። እንዳለ ይቅረብ፣ በግራም ይመዘን፣ ቀዳዳውም ሳይደበቅ ይነገር።